ጃፓንኛን በአፍ መልመድ፦ የጀማሪ ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

የምፈልገው መናገር ነው። ማንበብና መጻፍ ይቆየኝ። ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ስለሚመራ ከወዲሁ ልጻፈው። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ብሎ በዝርዝር ያወጣቸው ካንጂ የሚባሉ ከቻይና የመጡ የጽሕፈት ምልክቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ 2136 ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ልጨርስ ያለ ሰው አፉን ሳይከፍት ዓመታት ይነጉዱበታል።

ፈተናውም አይመራኝም። ጄኤልፒቲ የሚባለው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ከ1984 ጀምሮ ይሰጣል። አሁን ከኤን5 እስከ ኤን1 አምስት ደረጃ አለው። ቃላት፣ ሰዋስው፣ ንባብና ማዳመጥ ይፈትናል። የመናገር ክፍል የለውም። ለትምህርትና ለሥራ የሚፈልገው ሰው ይጠቀምበት፤ እኔ ግን የምለካው በሌላ ነገር ነው። ከአንድ ጃፓናዊ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሳልሸሽ ማውራት እፈልጋለሁ።

አንድ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጀማሪ ያስደነግጣል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ጃፓንኛን ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ አስቀምጦ 2200 የክፍል ሰዓት ያህል ይፈጃል ይላል። ይህ ግን አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ለሆነ ሰው የተሰላ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። ከየት እንደሚነሳ በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።

የድምፅ ሰሞን

ቃል ከመሸምደድ በፊት ድምፅ። የጃፓንኛ አናባቢዎች አምስት ናቸው፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። በእኛ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ማለት ነው። ግዕዙ የለም። ሳድሱም በይፋ የለም። «ኡ» ሲባል ከንፈር እንደ እኛ አይሾልም፤ ዘና ይላል። ከዚህ በቀር አፋችን ያውቃቸዋል።

ሳድስ «በይፋ የለም» ያልኩት በምክንያት ነው። በቶኪዮ አነጋገር «ኢ» እና «ኡ» ድምፅ በሌላቸው ተነባቢዎች (እንደ ክ፣ ስ፣ ት ባሉት) መካከል ሲገቡ፣ ወይም ከእነዚሁ ቀጥለው በቃል መጨረሻ ላይ ሲሆኑ፣ ይጠፋሉ ማለት ይቻላል። «ዴሱ» ተብሎ ይጻፋል፤ «ዴስ» ተብሎ ይነገራል። «ሱኪ» (እወዳለሁ) «ስኪ» ይሆናል። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማሉ። እኛ በሳድስ ጽፈን እናልፈዋለን። ከዛሬ ጀምሮ የጃፓንኛ ቃል በማስታወሻዬ የምይዘው በላቲን ሳይሆን በፊደል ነው።

ሁለት ድምፅ ልዩ ልምምድ ይፈልጋል። አንደኛው «ሱናሚ» ብለን በለመድነው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ነው። ጃፓኖች «ሱ» አይሉም፤ «ጹ»ም አይሉም። የእኛ «ጽ» ከጉሮሮ የሚፈነዳ ነው፤ የእነሱ ልስልስ ነው። «የቤት ሱሪ» ሲባል «ት» እና «ሱ» የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ድምፅ በጣም ይቀርበዋል። እሱን ቆርጦ በቃል መጀመሪያ ላይ ማምጣት ነው ልምምዱ። ሁለተኛው «ፉ» ነው። ጥርስ ከንፈርን አይነካም፤ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል እፍ ይባላል።

«ር» ላይ ምንም አልደክምም። ብዙ አገር ሰው የሚቸገርበት ድምፅ አፋችን ውስጥ አለ።

ማጥበቅ አለ፣ ማርዘም የለም

እዚህ ጋ መቆየት ያስፈልጋል።

ጃፓንኛ ውስጥ ተነባቢ ይጠብቃል። «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ» ነው፤ «ቴ» ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ነው። ለእኛ አዲስ አይደለም። «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ ሕፃን ያውቃል። እንዲያውም የእነሱ ጽሕፈት ከእኛ ይሻላል፤ የሚጠብቀው ድምፅ ፊት ትንሽ ምልክት ያስቀምጣሉ። እኛ ለአንባቢው ትተናል።

አናባቢ ማርዘም ግን አማርኛ ትርጉም አያሸክመውም። እኛ «በጣም» የሚለውን ጎትተን «በጣኣኣም» ብንል ስሜት ጨመርን እንጂ ቃል አልቀየርንም። ጃፓንኛ ውስጥ ቃሉ ይቀየራል። «ኦባሳን» አክስት፤ «ኦባአሳን» ሴት አያት። «ኦጂሳን» አጎት፤ «ኦጂኢሳን» ወንድ አያት። «ቢሩ» ፎቅ፤ «ቢኢሩ» ቢራ። የአማርኛ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል። በእኔ ግምት አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ትልቁን ሰዓቱን ማፍሰስ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የያዝኩት መንገድ በጣት መምታት ነው። ጃፓንኛ የሚቆጠረው በእኩል ምት ነው። ሀይኩ የተባለው አጭር የጃፓን ግጥም 5፣ 7፣ 5 የሚባለው በዚህ ምት ተቆጥሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ በጣት እየመታሁ እናገራለሁ። «ቶኪዮ» ለእኛ ሦስት ፊደል ናት። በእነሱ አፍ «ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ» አራት ምት ነው። «ሆን» (መጽሐፍ) ሁለት ምት ነው፤ «ን» ለብቻዋ አንድ ምት ትቆጠራለች። «ሺንቡን» (ጋዜጣ) አራት። የሚጠብቅ ድምፅም ለራሱ አንድ ምት ይወስዳል፤ ስለዚህ «ኒፖን» «ፖ» ጠብቆ አራት ምት ይሆናል።

በነገራችን ላይ «ሺንቡን» ውስጥ የመጀመሪያዋ «ን» ከ«ቡ» ፊት ስትመጣ «ም» ትሆናለች። «አንበሳ» ብለን ጽፈን «አምበሳ» እንደምንለው ነው። ማንም ሳያስተምረኝ አፌ ራሱ አደረገው።

ለጆሮ ፈተና የስልክ የድምፅ መጻፊያን ወደ ጃፓንኛ ቀይሬያለሁ። አንድ ቃል ብቻ እላለሁ፤ ስልኩ የሰማውን ይጽፋል። አክስት ብዬ አያት ከጻፈ እደግማለሁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መስጠት ግን ለዚህ አይጠቅምም። ከዐውዱ ይገምትና ያልተባለውን ያርማል።

ዛሬ ያገኘሁት ጥንድ ደግሞ ለፊደል ሰው የተሠራ ይመስላል። «ብዮኦኢን» ሆስፒታል ነው። «ቢዮኦኢን» የውበት ሳሎን ነው። ልዩነቱ ሳድስ «ብ» እና ሣልስ «ቢ» ነው።

ጽሕፈቱ፣ ባጭሩ

ሂራጋና የሚባለውን የጃፓን የድምፅ ጽሕፈት ለምጃለሁ፤ 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሉት። በአብዛኛው ለውጭ ቃላት የሚውለው ካታካናም እንደዚያው 46። እያንዳንዱ ምልክት እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ግን «ካ»፣ «ኪ»፣ «ኩ» በመልክ አይዛመዱም፤ እግርና ቅጥያ እያየን እንደምንለያቸው አይደለም። እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ግድ ነው። መዝገበ ቃላት ለመፈለግ ስለሚያስፈልግ ተማርኩት፤ ከዚያ ወደ አፍ ሥራ ተመለስኩ።

ዓረፍተ ነገሩ ቤት አለው

ዛሬ በጣም ደስ ያለኝ ቀን ነው።

«ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ።» እኔ ውሃ እጠጣለሁ። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ተሳቢው ከኋላው «ኦ» ይዟል፤ ልክ እንደ «ን»። «ውሃውን» እንደምንለው «ሚዙ ኦ»። ከእንግሊዝኛ የሚነሳ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ማሰብ አለበት። እኛ ምንም አንገለብጥም።

ቀጥሎ ያለው ይበልጣል። «ኪኖኦ ካታ ሆን» («ታ» ይጠብቃል)፦ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ። ገላጩ ሐረግ ሙሉ በሙሉ ከስሙ ፊት ይመጣል። በሁለቱም ቋንቋ።

ከዚህ የወሰድኩት ደንብ አለ። ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ባነብም፣ ዓረፍተ ነገር የምሠራው ግን ከአማርኛ ተነስቼ ነው። በአእምሮዬ መካከል ላይ እንግሊዝኛ እንዲቆም አልፈቅድም። ሁለት ጊዜ መገልበጥ ነውና። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ አንድ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃፓንኛ ሁለት። መጨረሻ ላይ የምንደርሰው የተነሳንበት ቅደም ተከተል ላይ ነው።

«ዋ» እና «ጋ» ስለሚባሉት ሁለት ቅንጣቶች ብዙ ገጽ ተጽፏል። ለጀማሪ አፍ የሚበቃኝን ያህል ከአማርኛ አገኘሁ። «ታናካ ሳን ዋ?» ማለት «ታናካስ?» ነው። የእኛ «ስ» ናት። «እሱማ አይመጣም» ስንል ያለችው «ማ»ም ብዙ ጊዜ እዚያው ትገባለች። «ማን መጣ?» ተብሎ መልሱ «ታናካ ነው የመጣው» ሲሆን ደግሞ «ታናካ ሳን ጋ ኪማሽታ» ይባላል። ይህ ሁሉን አይሸፍንም፤ ለወሬ ግን በደንብ ያስኬዳል።

ቦዝ አንቀጽ

የጃፓንኛ መማሪያዎች «የቴ ቅርጽ» የሚሉት የግስ ዓይነት አለ። ጀማሪዎች ይፈሩታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ ቦዝ አንቀጽ ነው።

«ኦኪቴ፣ ጎሃን ኦ ታቤቴ፣ ዴካኬታ።» ተነስቼ፣ በልቼ፣ ወጣሁ። ጊዜውን የሚወስነው የመጨረሻው ግስ ብቻ ነው። ከፊቱ ያሉት ተደርድረው ይጠብቁታል።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ በቂ ነበር። ግን ይቀጥላል። «ሞቴ ኩሩ» («ቴ» ይጠብቃል) ይዞ መምጣት። «ሞቴ ኢኩ» ይዞ መሄድ። «ታቤቴ ሚሩ» በቁሙ በልቶ ማየት፤ እኛ «እስቲ ቅመሰውና እየው» የምንለው። «ሚሩ» በዓይን ማየት ነው፤ ለመሞከርም ያገለግላል። አማርኛም «ሞክሮ ማየት» ይላል። እነዚህን ለመያዝ ምንም ጉልበት አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ ሰማሁ፣ ቀሩ።

ከሁሉ የገረመኝ «ቴ ኢሩ» ነው። ቦዝ አንቀጽ ሲደመር «አለ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያ ይህን «እያደረገ ነው» ብሎ ይጀምርና፣ «ኬኮን ሽቴ ኢሩ» ላይ ሲደርስ «እያገባ ነው» ሳይሆን «ባለ ትዳር ነው» መሆኑን ለማስረዳት ረጅም መንገድ ይሄዳል። አማርኛስ? አግብቷል። «አግብቶ» እና «አለ» ተጣብቀው። «ሱዋቴ ኢሩ» ተቀምጧል። «ኔቴ ኢሩ» ተኝቷል። «ኪቴ ኢሩ» ለብሷል፤ በሌላ ግስ ደግሞ መጥቷል። አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

በእርግጥ ሁልጊዜ አይገጥምም። «ታቤቴ ኢሩ» አብዛኛውን ጊዜ «እየበላ ነው» ነው እንጂ «በልቷል» አይደለም። የሚቆይ ድርጊት ሲሆን ወደ «እየ» ያዘነብላል፤ አንዴ ተፈጽሞ ውጤቱ የሚቀር ሲሆን ወደ «አል» ያዘነብላል። ይህን ለየብቻ እየመዘገብኩ ነው።

ሌላም ዝምድና አለ። «ኒኮኒኮ ሱሩ» ፈገግ ማለት። «ኪራኪራ ሱሩ» ብልጭ ብልጭ ማለት። «ዶኪዶኪ ሱሩ» ልብ ድው ድው ማለት። እኛ «አለ» እንጨምራለን፤ እነሱ «አደረገ» ይጨምራሉ። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ጃፓኖች በወሬ መሐል በጣም ያበዟቸዋል፤ ስለዚህ ዝርዝር ከፍቼላቸዋለሁ።

የየዕለቱ ሥራ

ጠዋት ጠዋት አጭር ድምፅ እከፍታለሁ። ተናጋሪውን ሳላቋርጥ፣ ከኋላው አንድ ሁለት ቃል ዘግይቼ፣ ጮክ ብዬ እከተለዋለሁ። ሻዶዊንግ ይሉታል። ትርጉሙ ያልገባኝን አልከተልም፤ መጀመሪያ ጽሑፉን አይቼ እረዳለሁ፣ ከዚያ ጽሑፉን ዘግቼ እከተላለሁ። ቀጥሎ የራሴን ድምፅ ቀድቼ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አዳምጣለሁ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ደስ አይልም፤ ግን ረጅም አናባቢን ያስተካከለልኝ እሱ ነው።

ድምፁን የማገኘው ከሁለት ቦታ ነው። የጃፓን ማሰራጫ ድርጅት ኤንኤችኬ ወርልድ ለጀማሪ የሚሆኑ አጫጭር ንግግሮችን በነፃ ያቀርባል። በብዙ ቋንቋ ነው፤ ስዋሂሊ አለ፣ አማርኛ የለም። የጃፓን ፋውንዴሽንም በጃፓን ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ያዘጋጀው መማሪያ ከነድምፁ በነፃ ይወርዳል። እሱን ይበልጥ ወደድኩት። «ይህን ማድረግ እችላለሁ» በሚል የተከፋፈለ ነው፤ ቀጠሮ መያዝ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ሐሳብ መስጠት።

ማታ አንኪ በሚባለው የካርድ መተግበሪያ እከልሳለሁ። ካርዴ ላይ ነጠላ ቃል አላስገባም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነድምፁ። ከፊት በኩል አማርኛ አለ፤ ካርዱን ከመገልበጤ በፊት ጃፓንኛውን በአፌ እላለሁ። በሆዴ ያልኩት አይቆጠርም።

ቁጥር ላይ ለጊዜው የሚያስፈልገኝን ብቻ ይዣለሁ። ሰው ሲቆጠር «ሂቶሪ፣ ፍታሪ፣ ሳንኒን»። የወር ቀኖች ስም እስከ 10 ድረስ ለየት ያለ ነው፤ እሱን በቃል መያዝ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ወሬ

የቋንቋ ልውውጥ ጓደኛ አገኘሁ። በጡረታ ላይ ያሉ ጃፓናዊት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውን ማፍታታት ይፈልጋሉ። ግማሹ ሰዓት የእሳቸው፣ ግማሹ የእኔ።

ከወሬው በፊት ያዘጋጀሁት ታሪክ ወይም ንግግር አልነበረም። ያዘጋጀሁት ወሬው ሲቆም የሚያስቀጥሉ ዓረፍተ ነገሮችን ነው። «ሞኦ ኢቺዶ ኦኔጋይ ሺማስ»፦ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። «ዩኩሪ ሃናሽቴ ኩዳሳይ»፦ ቀስ ብለው ይናገሩ። «ኒሆንጎ ዴ ናን ቶ ኢኢማስ ካ»፦ በጃፓንኛ ምን ይባላል? እነዚህ ሦስቱ ከመቶ ስም ይበልጣሉ። ለማሰቢያ ደግሞ «ኤኤቶ»። ቃል ሲጠፋኝ «እንትን» በማለት ፋንታ «ኤኤቶ» ማለት ቀላል ይመስላል። ግን አፍ የሚያመልጠው እዚያ ላይ ስለሆነ ለብቻው መለማመድ ያስፈልጋል።

ሌላው የተማርኩት፣ ሌላው ሲያወራ ዝም እንደማይባል ነው። «ሃይ»፣ «ኤኤ»፣ «ሶኦ ዴስ ኔ» እያሉ መከተል ያስፈልጋል። እኔ ዝም ብዬ በጥሞና ሳዳምጥ እሳቸው መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ቆሙ። «ሃይ» እዚህ ላይ «እስማማለሁ» አይደለም፤ «እየሰማሁ ነው» ነው።

ማን ሄደ?

አማርኛ የሚረዳው ሁሉ ቦታ አይደለም። እኛ «እኔ» ወይም «እሷ» የሚለውን የምንተወው ግሱ ስለሚነግረን ነው። «ሄድኩ»፣ «ሄደች»፣ «ሄዱ»። የጃፓንኛ ግስ ይህን አይነግርም። «ኢኪማስ» እሄዳለሁ፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ሁሉም ነው። ጾታ የለም፤ ብዛት የለም። እነሱም ባለቤቱን ይተዉታል። ታዲያ ማን እንደሄደ የሚታወቀው ከወሬው ሂደት ነው።

አሁን የምሠራው ልምምድ ይህ ነው። አንድ ንግግር አዳምጬ፣ በእያንዳንዱ ግስ ላይ አቁሜ፣ ግሱን በአማርኛ እላለሁ። አማርኛ ማን እንደሆነ ሳልወስን ግስ እንድናገር አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ያልገባኝ ቦታ ወዲያው ይጋለጣል። በእንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎችም ይህን ቢያደርጉ ይጠቅማቸዋል፤ ለእኛ ግን ግሱ ጾታውን ሳይቀር ስለሚጠይቅ የበለጠ ያፋጥጣል።

አክብሮት

«እርስዎ»ን የሚያውቅ ሰው የጃፓንኛ አክብሮት ሊገባው ይገባል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግማሹ ልክ ነው። በእኛ ቋንቋ አክብሮቱ የሚሄደው ወደሚወራለት ሰው ነው። «እሳቸው መጡ» ስል የማከብረው የመጡትን ነው። በጃፓንኛ ግስ መጨረሻ ላይ ያለው «ማስ» ግን የሚያከብረው የሚያዳምጠኝን ነው። ስለ ድንጋይም ባወራ፣ የማወራቸው ሴት ትልቅ ሰው ከሆኑ «ማስ» እላለሁ። የሚወራለትን ሰው ከፍ የሚያደርግ ሌላ መደብ አለ፤ ራስን ዝቅ የሚያደርግም አለ። እነሱን አሁን አልነካቸውም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይበጃል። «አናታ» በመዝገበ ቃላት «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» ነው። በ«እርስዎ» ቦታ ለትልቅ ሰው መናገር ግን ደስ አይልም። የሰውየውን ስም ጠርቶ «ሳን» መጨመር ነው፤ ፊት ለፊት እያወሩም ቢሆን። ለራስ ስም «ሳን» አይጨመርም።

ከፍና ዝቅ

«ሃሺ» የድምፁ ዜማ መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ሲወርድ የመመገቢያ እንጨት ነው። ዝቅ ብሎ ሲወጣ ድልድይ ነው። «አሜ» ከፍ ብሎ ሲወርድ ዝናብ፣ ሲወጣ ከረሜላ። ይህ የቶኪዮው ነው። ኦሳካ ላይ የ«ሃሺ» ሁለቱ ይገለበጣሉ። ፉኩሺማና ኢባራኪ አካባቢ ደግሞ ይህን ልዩነት የማያደርግ አነጋገር አለ።

ጃፓናውያን ራሳቸው እንዲህ ከተለያዩ ከዐውዱ እንደሚግባቡ ግልጽ ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ለእያንዳንዱ ቃል ከፍታ አልሸመድድም። ሻዶዊንግ ሳደርግ ዜማውን እንዳለ እወስዳለሁ፤ ሲያጠራጥረኝ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ኦጃድ የተባለ የድረ ገጽ መዝገብ አያለሁ። ሰዓቱን ከረጅም አናባቢ ላይ ወስጄ እዚህ ላይ አላፈስም። ርዝመት ሲጠፋ ቃሉ በጽሕፈትም በጆሮም ሌላ ቃል ይሆናል።

አሁን ያለሁበት

ግማሽ ሰዓቱ ሞልቷል። ወሬው ቀላል ነው፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ሥራ፣ ስላነበብነው። ብዙ ጊዜ «ሞኦ ኢቺዶ» እላለሁ። ግን ወደ እንግሊዝኛ አልሸሸሁም። እሳቸውም አሁን ሲያርሙኝ በጃፓንኛ ነው።

የቴ ቅርጽ ሰንሰለቶች ሳላስብ ይወጡልኛል። «አድርጌ፣ ሄጄ፣ አይቼ» ብዬ በለመድኩት ፍጥነት አያይዛቸዋለሁ። ረጅም አናባቢው በዝግታ ሳወራ ትክክል ነው፤ ስፈጥን ያጥራል። ስለዚህ ጣቴ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ይመታል።

የሚቀጥለው ሥራ «ማስ» የሌለው የጓደኛ አነጋገር ነው። «ታቤማስ» ሳይሆን «ታቤሩ»። ገላጭ ሐረግ ውስጥ ስለሚገባ ቅርጹን አውቀዋለሁ፤ «ኪኖኦ ካታ ሆን» ላይ ያለው እሱ ነው። በወሬ ግን ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ከእሳቸው ጋርም ልለማመደው አይገባኝም። እኩያዬ የሆነ ሁለተኛ የልውውጥ ጓደኛ እየፈለግኩ ነው። እስኪገኝ ድረስ የጓደኛሞች ንግግር ያለባቸውን ድምፆች ለይቼ ለጠዋቱ ሻዶዊንግ አስቀምጫለሁ።